እንጦጦ አጥንት ለምን የለውም? ከየካ ኮረብታ የታየ የማዮሲን ዘመን ታሪክ

ከስድስት ኪሎ ቤተ መጻሕፍት ወጥቶ አየር ለመቀበል የቆመ ተማሪ ሁሉ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እንጦጦ ላይ ነው። ጠዋት ጭጋግ ለብሶ፣ በክረምት ጠቁሮ፣ በጥቅምት ፍንትው ብሎ፣ የተማሪነት ዓመታችንን ሙሉ ከፊታችን ተደቅኖ ነበር። አብዛኞቻችን ግን አየነው እንጂ አላነበብነውም።

ለእኛ ለታሪክ ተማሪዎች እንጦጦ ማለት ምኒልክ ነበር። ጣይቱ ፍልውሃውን ወድደው ከተማው ወደ ታች የወረደበት፣ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ምኒልክ እንጦጦ ማርያም ላይ ዘውድ የደፉበት፣ ደኑ አልቆ ባሕር ዛፍ የመጣበት ተራራ። በዚህ ሂሳብ የእንጦጦ ታሪክ ከመቶ ምናምን ዓመት ብዙም አይዘልም። አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አብረን ጨርሰን የመጣን ጓደኛዬ ግን አራት ኪሎ ገብቶ ጂኦሎጂ ያጠና ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ መዶሻና የሸራ ቦርሳ ይዞ ወደ የካና ወደ እንጦጦ ይወጣና ማታ ድንጋይ ተሸክሞ ይመለሳል። «ድንጋይ ለቃሚው» እንለው ነበር። እሱም አይቀየምም። «እናንተ የምታነቡት የመጽሐፉን የመጨረሻ መስመር ነው» ብሎ ይስቅብን ነበር። እውነቱን ለመናገር የቀልድ መመለሻ ይመስለኝ ነበር እንጂ ቁም ነገር መሆኑን የተረዳሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ለዚህ መጽሔት ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ስጠየቅ ያንን ጓደኛዬን ፈለግሁት። አንድ እሑድ ጠዋት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነስተን ሽቅብ ወጣን። እሱ ጉልበቱን እያሻሸ፣ እኔ ትንፋሼን እየሰበሰብኩ። መንገድ ዳር ድንጋይ የሚፈልጡ አንድ ሽማግሌ አገኘን።

«ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?»

«እግዜር ይመስገን። ምን ጠፍቷችሁ ነው?»

«ድንጋይ ልናይ ነው።»

ጓደኛዬ መዶሻውን ሲያወጣ አዩትና ፈገግ አሉ። «አጥንት ፍለጋ ነው? እንደ ሉሲ?»

«የለም ጋሼ፣ እዚህ አጥንት አይገኝም።»

«ታዲያ ድንጋዩ ምን ያደርግላችኋል?»

ጥያቄያቸው ከኔ ጋር ቤት ድረስ መጣ። ይህ ጽሑፍ ለእሳቸው የምሰጠው መልስ ነው።

የተራራው ዕድሜ

ጓደኛዬ አንድ ስባሪ አንስቶ አሳየኝ። ነጣ ያለ፣ በውስጡ ፀሐይ ሲያገኘው ብልጭ የሚሉ ጥቃቅን ፍሬዎች ያሉት ድንጋይ ነው። እንጦጦ በአብዛኛው የቆመው እንዲህ ባለው ድንጋይ ላይ ነው፤ የሙያው ሰዎች ራዮላይት፣ ትራካይትና ኢግኒምብራይት ይሏቸዋል። ሦስቱም ከእሳተ ገሞራ የወጡ ናቸው። ወፍራምና ዝልግልግ የሆነ ቅልጥ አለት ቀስ ብሎ ፈስሶ የረጋው፣ አለዚያም የጋለ አመድና ጋዝ እንደ ደመና ወርዶ ሲያርፍ የተጣበቀው። በየካ ኮረብታ ላይ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል የቆመውም ከእሳተ ገሞራ በተወለደ ድንጋይ ውስጥ ነው። የጥንቱ ፈልፋዮች ሊቃውንት ጂኦሎጂ ባይማሩም የትኛው አለት ለመሮ እንደሚታዘዝ አሳምረው ያውቁ ነበር።

የእንጦጦ ድንጋይ ዕድሜው ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት ነው። ሉሲ ወይም ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ስለሆነ ተራራው ሰባት እጥፍ ገደማ ይበልጣታል ማለት ነው። ይህ ጊዜ ጂኦሎጂስቶች ማዮሲን በሚሉት ዘመን መባቻ ላይ ይውላል። ማዮሲን ከ23 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ ከ5.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ያበቃ ዘመን ነው፤ ስሙን ያወጣለት ስኮትላንዳዊው ቻርልስ ላይል ሲሆን ጊዜውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) 1833 ነበር።

ዕድሜው እንዴት ታወቀ? እነዚያ ብልጭ የሚሉ ፍሬዎች ፖታሲየም አላቸው። ከፖታሲየም ውስጥ ጥቂቱ፣ ፖታሲየም 40 የሚባለው፣ በራሱ ጊዜ እየተለወጠ አርጎን የሚባል ጋዝ ይሆናል። ለውጡ እጅግ ዝግ ያለ ነው፤ የፖታሲየም 40 ግማሹ ለመለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። አለቱ ቀልጦ ሳለ ጋዙ ያመልጣል። ቀዝቅዞ ሲረጋ ግን ጋዙ ፍሬው ውስጥ ታስሮ መጠራቀም ይጀምራል። ስለዚህ ድንጋዩ የረጋበት ቀን ሰዓቱ ከዜሮ የተነሳበት ቀን ነው። የተጠራቀመውን አርጎን ለክቶ ዓመቱን ማስላት ይቻላል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የእኛ ተቋም ድርሻ ገና ከጠዋቱ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ ዐሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዋን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን አቋቁመው የምድርን መንቀጥቀጥ መመዝገብ ጀመሩ። በዚያው ኮሌጅ ያስተማሩት ፖል ሞር በእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያን ጂኦሎጂ በአንድ መጽሐፍ አጠናቅረው በኮሌጁ ማተሚያ አሳተሙ። እኒሁ ሞር ከሌሎች ሦስት ተመራማሪዎች ጋር እ.ኤ.አ. 1979 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ስለ አዲስ አበባ ዙሪያ አለቶች ነው። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው፦ ከእንጦጦ ተነስቶ ወደ ስምጥ ሸለቆው የሚወርድ ሰው ከአሮጌ ድንጋይ ወደ ወጣት ድንጋይ ይሄዳል። አዛውንቱ ከላይ ነው፤ ከተማው የተኛበት ጥቁር ድንጋይ በብዙ ሚሊዮን ዓመት ያንሳል፤ የቢሾፍቱ ጉድጓዶችና ጉብታዎች ደግሞ ከሁሉም የቅርብ ጊዜ ልጆች ናቸው።

እንግዲህ ከአራት ኪሎ ወደ ስታዲየም የሚሄድ ተማሪ ሁሉ ሳያውቀው ዘመን እየተሻገረ ነበር። የፍልውሃው ሙቅ ውሃም ቢሆን በምድር ስንጥቅ በኩል የሚወጣ ነው። ጣይቱን ከተራራ ያወረደው ውሃና ስምጥ ሸለቆውን የከፈተው ኃይል ዝምድና አላቸው።

አጥንት የሚያድረው ጭቃ ውስጥ ነው

ወደ ሽማግሌው ጥያቄ ልመለስ። እንጦጦ ይህን ያህል ዕድሜ ካለው አጥንት ለምን ጠፋ?

አጥንት ቅሪተ አካል የሚሆነው አውሬ ሳይጎትተው፣ ፀሐይና ዝናብ ሳይፈረካክሰው ቶሎ የተቀበረ እንደሆነ ነው። ለዚህ የሚመቸው የሐይቅ ጭቃ፣ የወንዝ አሸዋ፣ ቀስ ብሎ የሚያርፍ ደለል ነው። በቅልጥ አለት የተበላ እንስሳ ግን የሚተወው ነገር የለም። በሌላ በኩል ጭቃ ብቻውን ዕድሜውን አይናገርም። ዕድሜ የሚናገረው እሳተ ገሞራው የበተነው አመድ ነው። አመዱ ሸለቆ ወርዶ በደለሉ መሀል እንደ እንጀራ ድርብርብ ሲያርፍ ከላይና ከታች ያለውን አጥንት ዕድሜ ይወስንልናል።

ስለዚህ ተራራውና ሸለቆው ለየብቻቸው ጎዶሎ ናቸው። ተራራው ጊዜውን ይዞ ሕይወቱን አጥፍቶታል፤ ሸለቆው ሕይወቱን ይዞ ጊዜውን ከአመድ ይበደራል። የእንጦጦን ዘመን ሕይወት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከእንጦጦ መውረድ አለበት።

ከጭልጋ እስከ አፋር

ንባቡ የሚጀምረው ከእንጦጦ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ከጎንደር በስተምዕራብ ጭልጋ ላይ ነው። እዚያ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ደለል ውስጥ የጥንት የዝሆን ዘመዶች ተገኝተዋል፤ በአፍንጫው ላይ ሁለት ግዙፍ ቀንድ የነበረው አርሲኖይቴሪየምም እንዲሁ። ከዝሆን ዘመዶቹ አንዱ ቺልጋቴሪየም የሚል ስም ወጥቶለታል፤ ጭልጋን ለማስታወስ ነው። እ.ኤ.አ. 2003 ግኝቱን ካሳተሙት ተመራማሪዎች መካከል የዩኒቨርሲቲያችን ሙሉጌታ ፍሥሐ ይገኙበታል። በዚያ ጊዜ አፍሪካና ዐረቢያ አንድ ላይ ሆነው ከእስያ በባሕር የተለዩ ነበሩ። እንስሶቻቸውም የብቻቸው ነበሩ ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ እንጦጦ ሲነድድ የነበረውን ጊዜ የሚያሳየን የሙሽ ሸለቆ ነው፤ ሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙም አይርቅም። እዚያ 21.73 ሚሊዮን ዓመት የሆነው የሐይቅ ደለል ቅጠልን ከነጅማቱ አስቀምጧል። ቆላ የሚመስል እርጥብና ጥቅጥቅ ያለ ደን ነበር፤ የባቄላ ወገን የሆኑ ዛፎች በብዛት ይታዩበታል። እ.ኤ.አ. 2020 የወጣ ጥናት ይህ ደን አመድ እየዘነበበትም ሚዛኑን ጠብቆ መቆየቱን ያሳያል። ጓደኛዬ ይህን ሲነግረኝ ቀና ብዬ ባሕር ዛፉን አየሁት። ዛሬ ብርድ የሚቆረጥመውና ገብስ የሚዘራበት የሸዋ ደጋ አንድ ጊዜ እንዲያ ነበር ለካ።

ማዮሲን እየገፋ ሲሄድ ዐረቢያ ከእስያ ጋር ገጠመችና በሩ ተከፈተ። የዝሆን ወገኖች ከአፍሪካ ወጥተው ዓለምን አዳረሱ። የአውራሪስ፣ የድመትና የከብት ወገኖች ደግሞ ወደ አፍሪካ ገቡ። ዛሬ «የአፍሪካ አውሬ» ስንል የምንቆጥራቸው ብዙዎቹ አያቶቻቸው የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ ብንል አልተሳሳትንም። ከ11 እስከ 10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ደግሞ ባለሦስት ጣት ፈረስ፣ ሂፓሪዮን፣ ከሰሜን አሜሪካ ተነስቶ እስያን አቋርጦ አፍሪካ ደረሰ።

ይህ ፈረስ ጮሮራ ላይ ጠብቆናል። ጮሮራ በአፋር ስምጥ ደቡባዊ ጠርዝ፣ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ነው። እዚያው ቦታ ገን ሱዋ፣ ብርሃነ አስፋው፣ ዮናስ በየነና ጓደኞቻቸው ዘጠኝ ጥርሶች አግኝተው እ.ኤ.አ. 2007 ይፋ አደረጉ። ጥርሶቹ የጎሪላን ጥርስ የሚመስሉ ናቸው። ባለቤቱን ቾሮራፒቴከስ አቢሲኒከስ አሉት። ዘጠኝ ጥርስ ምንድን ነው የሚል ይኖራል። ነገር ግን የጎሪላ፣ የቺምፓንዚና የሰው የዘር መስመር የተለያየው በዚያ ዘመን አካባቢ ነው፤ ከዚያ ዘመን በአፍሪካ የተረፈው ማስረጃ ደግሞ በጣም ጥቂት ነው። አንዱ ጥርስ የአንድ ምዕራፍ ያህል ይቆጠራል።

የማዮሲን የመጨረሻ ገጽ መካከለኛው አዋሽ ላይ ነው። ዮሐንስ ኃይለሥላሴ እ.ኤ.አ. 1997 ያገኙትና ከአራት ዓመት በኋላ ያሳተሙት አርዲፒቴከስ ከደባ ከ5.8 እስከ 5.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አለው። ከደባ በአፋርኛ የዘር ግንድ አባት እንደማለት ነው። የእግር ጣት አጥንቱ በሁለት እግር ለመሄድ የሚያስችል ቅርጽ አለው፤ አብረውት የተገኙት ማስረጃዎችም ይኖርበት የነበረው ቦታ ሜዳ ሳይሆን ዛፍ የበዛበት እርጥብ አገር እንደነበር ያመለክታሉ። ሰው ዛፉን ጥሎ ሜዳ ስለወጣ ቀና አለ የሚለው የድሮ ትምህርታችን እዚህ ላይ ይንገዳገዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። እንጦጦ የውሃ መለያ ነው። ሰሜን ጀርባው ላይ የወደቀ ዝናብ ወደ ዓባይ ይሄዳል። በደቡብ በኩል የወደቀው ደግሞ በቀበና አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂ ወደ አዋሽ ይገባል፤ ከዚያም አፋርን አቋርጦ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ጫማችንን ስናጥብበት የኖርነው የቀበና ውሃ የከደባ አጥንት በተገኘበት አገር የሚያልፍ ነው።

ያነበቡት እነማን ናቸው?

ለኔ ለታሪክ ተማሪው ከሁሉ የገረመኝ ነገር ይህ ነው። ብርሃነ አስፋው ከዩኒቨርሲቲያችን በጂኦሎጂ የተመረቁ ናቸው፤ ሉሲን ያህል የታወቀችውን የዲኪካዋን ሕፃን ያገኙት ዘረሰናይ ዓለምሰገድም እንዲሁ። ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ግን እ.ኤ.አ. 1982 የተመረቁት በታሪክ ነው! እኔ በቆየሁበት ትምህርት ክፍል ማለት ነው። እሳቸው ከምረቃ በኋላ በቅርስ ጥናትና በብሔራዊ ሙዚየም ቤተ ሙከራ ሠርተው፣ ኋላ በርክሌይ ሄደው አጥንት ማንበብ ተማሩ። እኛ «ታሪክ የሚጀምረው ከጽሑፍ ነው» የሚለውን ደብተራችን ላይ ገልብጠን ተፈትነን አለፍን። እሳቸው ግን ጽሑፍ የሌለበት አገር ድረስ ወረዱ።

ሙያው የታሪክ ሰው የሚጠይቀውን ሁሉ ይጠይቃል፦ ይህ ሰነድ ከየት ተገኘ? መቼ ተጻፈ? በማን እጅ አለፈ? መልሱ ካልታወቀ ሰነዱ ዋጋ የለውም። ሁለት ምሳሌ አሉ። በሰሜን ሸዋ ዓለም ከተማ አካባቢ የተገኘ አምበር፣ ማለትም ወደ ድንጋይነት የተለወጠ የዛፍ ሙጫ፣ ጥቃቅን ነፍሳትን ይዞ ተገኝቶ ነበር። እ.ኤ.አ. 2010 ሲታተም ከ90 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው ተባለ፤ የዳይኖሰር ዘመን ማለት ነው። ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ኋላ ግን በጥልቀት ሲመረመር የማዮሲን ሆኖ ተገኘ፤ ከ23 እስከ 16 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ። የጮሮራው ጥርስም መጀመሪያ 10 ሚሊዮን ዓመት ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. 2016 ራሳቸው አግኚዎቹ ያሉበት ቡድን አመዱን እንደገና መርምሮ ወደ 8 ሚሊዮን አወረደው። ቁጥር ሲቀንስ ክብር የሚቀንስ የሚመስለን ብዙዎች ነን። እነዚህ ሰዎች ግን የራሳቸውን ቁጥር በራሳቸው እጅ አረሙ። እኔ በታሪክ ጽሑፎቻችን ላይ ይህንን ድፍረት ብዙ ጊዜ አላየሁም፤ በራሴም ጽሑፍ ጭምር።

ስለ ጠፉት ድንጋዮች

ከኮረብታው ስንወርድ ጓደኛዬን በተማሪነቱ የሰበሰባቸው ድንጋዮች የት እንደደረሱ ጠየቅሁት። ሳቀ። ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄዶ ሳለ ቤተሰቦቹ አጥር ሲያሠሩ መሠረት ሞልተውባቸዋል። «ማን ይፈርድባቸዋል?» አለ። «ድንጋይ ነው። ወረቀት አልለጠፍኩበትም።»

ከዚያ ቆም ብሎ ወደ ታች አሳየኝ። አንዱን ናሙና ያነሳበት ገደል ዛሬ ግንብ ተሠርቶበታል። ሌላው ካባ ሆኖ ድንጋዩ ተፈልጦ አልቋል። ሌላው በመንገድ ሥራ ተቆርጦ ለትንሽ ጊዜ ግሩም ሆኖ ታይቶ ነበር፤ ኋላ በሲሚንቶ ተለሰነ። ከተማ ማደጉን ማንም አይጠላም። ሰው ቤት ይፈልጋል፤ ሽማግሌውም እንጀራ የሚበሉት ከዚያው ድንጋይ ነው። ግን አንድ አለት ከመሸፈኑ በፊት ፎቶ ማንሳት፣ ከእያንዳንዱ ድርብ የጡጫ ያህል ስባሪ መውሰድና የተነሳበትን ቦታ ጽፎ መለጠፍ ቤት ከመሥራት ማንንም አይከለክልም። ቦታው ያልተጻፈለት ድንጋይ ለአጥር መሠረት ይሆናል፤ ቦታው የተጻፈለት ድንጋይ ሰነድ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አለኝ። በየዓመቱ ስንሰባሰብ ከእራቱ በተጨማሪ አንድ ጠዋት እንስጥ። በጂኦሎጂ የተመረቁት ይምሩን፤ የታሪኮቹ እንመዝግብ፤ ልጆቻችንና አሁን በትምህርት ላይ ያሉት ቦርሳውን ይያዙልን። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ጉራራ፣ ከየካ ሚካኤል እስከ ኮተቤ ያለውን አለት ሳይሸፈን እንየው፤ ስባሪውንም ወረቀት ለጥፈን ለትምህርት ክፍሉ እናስረክብ። በእኛ ዕድሜ ገደል መውጣት ባይመችም መጻፍ አያቅተንም።

በመጨረሻ ሽማግሌው ዘንድ ተመልሼ ሄድኩ። ያ ጥያቄ አላስተኛኝም ነበር። «ጋሼ፣ ድንጋዩ ዕድሜውን ይነግረናል። አጥንቱ አፋር ነው፤ ዕድሜውን የሚነግረን ግን የዚህ ዓይነት እሳት የበተነው አመድ ነው» አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና የያዙትን ድንጋይ አገላብጠው አዩት።

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«22 ሚሊዮን።»

«እህ!» አሉና መዶሻቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ከተፈለጠው መሀል አንድ ንጹሕ ስባሪ መርጠው ሰጡኝ። ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ቀኑንና ቦታውን ጽፌ ለጥፌበታለሁ።